“ቁም!” የሚል ሰው የጠፋበት ድልድይ

(ቀናቱና ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን፣ ሰዓቱ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።)

ኦገስት 29 ቀን 1907። ካናዳ፣ ከኩቤክ ከተማ ወጣ ብሎ። ከቀኑ 11 ሰዓት ከ37 ደቂቃ።

በሴንት ሎውረንስ ወንዝ ላይ እየተሠራ ባለው ግዙፍ የብረት ድልድይ ላይ 86 ሠራተኞች አሉ። የሥራ ቀኑ ሊያልቅ ጥቂት ነው የቀረው። ድንገት የመድፍ ተኩስ የመሰለ ድምፅ ተሰማ። በ15 ሰከንድ ገደማ ውስጥ 19,000 ቶን ብረት ተጨማዶ ወንዙ ውስጥና ዳርቻው ላይ ወደቀ። ከ86ቱ ሰዎች 75ቱ ሞቱ። በዚያ አካባቢ የወንዙ ውሃ ከባሕሩ ጋር እየሞላ እየጎደለ ስለሚሄድ፣ በብረቱ ሥር ተይዘው በሕይወት ከቆዩት መካከል ውሃው ሲሞላ የሰጠሙ ነበሩ።

ከሟቾቹ 33ቱ ካናዋኬ ከምትባል የሞሃውክ ተወላጆች መንደር የመጡ ናቸው። የመንደሯ ወንዶች ከፍታ ላይ ወጥቶ ብረት በመግጠም የታወቁ ነበሩ። አንዲት መንደር በአንድ ቀን 33 አባቶችን፣ ባሎችንና ልጆችን አጣች።

ሰው ሁሉ ሳያውቅ የመጣ አደጋ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ እዚህ ላይ ባበቃ ነበር። ግን ብረቱ እየጎበጠ መሆኑን ያዩ ሰዎች ነበሩ። አይተው ለክተዋል። ለክተው ጽፈዋል። እንዲያውም ያን ዕለት እኩለ ቀን ላይ፣ ኒው ዮርክ የተቀመጠ አንድ መሐንዲስ “ድልድዩ ላይ ተጨማሪ ክብደት እንዳይጫን” የሚል መልእክት በቴሌግራፍ ልኮ ነበር። መልእክቱ ሲላክ ድልድዩ ሊፈርስ ከአምስት ሰዓት በላይ ይቀረዋል። ሠራተኞቹ ዘንድ ግን አልደረሰም።

ለምን አልደረሰም? የዚህ ጥያቄ መልስ የሚጀምረው ከዚያች ዕለት ሳይሆን ከሰባት ዓመት በፊት፣ ከዕቅዱ ነው።

📌 ሳይለካ የተሰፋ ልብስ

የኩቤክ ድልድይ ኩባንያ የተቋቋመው በ1887 ነው። ምኞቱ ትልቅ፣ ካዝናው ግን ባዶ ነበር። ሥራውን የሚመራለት አማካሪ መሐንዲስ ሲፈልግ ያገኘው ቴዎዶር ኩፐርን ነው። ኩፐር በወጣትነቱ በሴንት ሉዊስ ከተማ በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ በተሠራው ዝነኛ ድልድይ ላይ የሠራ፣ በሰሜን አሜሪካ በሙያው አንቱ የተባለ ሰው ነበር። በ1900 ዕድሜው 61 ደርሷል። ኩቤክ የሕይወቱ መደምደሚያ እንድትሆንለት ፈልጓል። ብረቱን የሚያመርተውና የሚገጥመው ሥራ ተቋራጭ ደግሞ በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ግዛት የሚገኘው ፊኒክስ ኩባንያ ሆነ።

በመጀመሪያው ዕቅድ በሁለቱ ዋና ምሰሶዎች መካከል ያለው ርቀት 488 ሜትር ነበር። ኩፐር በ1900 ወደ 549 ሜትር ከፍ አደረገው። ምክንያቱ ሞኝነት አልነበረም። ምሰሶዎቹ ወደ ዳር ሲጠጉ ውሃው ጥልቀቱ ይቀንሳል፣ በክረምት ተንሳፍፎ የሚመጣው የበረዶ ግግር ጉዳቱ ያንሳል፣ የምሰሶ ሥራውም ይቀላል። በዚያ ላይ ድልድዩ 521 ሜትር ከነበረው የስኮትላንዱ ፎርዝ ድልድይ በልጦ በዓለም ረጅሙ ይሆናል።

ችግሩ ከዚህ በኋላ ነው። ርዝመት ሲጨምር ብረት ይጨምራል፤ ብረት ሲጨምር ድልድዩ የራሱን ክብደት ለመሸከም ሌላ ብረት ይፈልጋል። ስለዚህ ስሌቱ ከሀ ተነስቶ እንደገና መሠራት ነበረበት። አልተሠራም። ለአጭሩ ድልድይ የተገመተው ክብደት ለረጅሙም ያገለግላል ተብሎ እንዳለ ተወሰደ። ለታናሽ ወንድም በተለካ ልክ የታላቁን ልብስ እንደመስፋት ማለት ነው።

ጊዜ አልነበረም እንዳይባል፣ ነበረ። ከ1900 እስከ 1903 ድረስ ኩባንያው ገንዘብ ስላልነበረው የብረቱ ሥራ ቆሞ ነበር። በእነዚያ ሦስት ዓመታት ስሌቱን ማረም፣ ለዚህ መጠን ተሞክረው የማያውቁትን የብረት አካላት መፈተሽ ይቻል ነበር። ለጥናትና ለሙከራ የሚከፍል ግን አልተገኘም። በ1903 መንግሥት ለብድሩ ዋስ ሲሆን ገንዘቡ መጣ። ከገንዘቡ ጋር ጥድፊያውም መጣ። ሥዕሉ ወደ ፋብሪካ፣ ብረቱ ከፋብሪካ ወደ ወንዙ መጉረፍ ጀመረ።

በ1906 መጀመሪያ ላይ የብረቱን ክብደት የሚከታተል ተቆጣጣሪ ቁጥሮቹ እንዳልገጠሙ አስተዋለ። ድልድዩ ከታሰበው በጣም ይከብዳል። ኩፐር ሲያሰላው በብረቶቹ ላይ የሚያርፈው ጫና ከ7 እስከ 10 በመቶ ከፍ እንደሚል አየ። ኩፐር ቀድሞውንም ብረቱ ከተለመደው በላይ ጫና እንዲሸከም ፈቅዶ ነበር። አሁን የተጨመረው በዚያ ላይ የመጣ ነው። ሆኖም በደቡብ በኩል ያለው የድልድዩ ክንድ በከፊል ቆሟል፤ ብዙው ብረት ተመርቷል። ምርጫው ሁለት ነበር፦ የተሠራውን ጥሎ እንደገና መጀመር፣ ወይም “ይችላል” ብሎ መቀጠል። ኩፐር “ይችላል” አለ።

አበው “ሳይቃጠል በቅጠል” የሚሉት ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው። በ1900 ወረቀት ላይ በላጲስ የሚጠፋ ስህተት፣ በ1906 የሚሊዮኖች ዶላር ስህተት ሆነ። ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ደግሞ ዋጋው በሰው ነፍስ ተቆጠረ። ጥራትን ቀድሞ ማቀድ ውድ የሚመስላቸው ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያዩት የመጀመሪያውን ሒሳብ ብቻ ነው።

📌 ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ

በ1903 ስህተቱን ሊይዝ የሚችል አንድ በር ተከፍቶ ነበር። የካናዳ መንግሥት የባቡርና የቦይ መሥሪያ ቤት ዋና መሐንዲስ የነበረው ኮሊንግዉድ ሽራይበር፣ የኩፐርን ሥራ ሌላ መሐንዲስ ይመልከተው የሚል ሐሳብ አቀረበ። ለሚሊዮኖች ብር ዋስ የሆነ መንግሥት ሁለተኛ ዓይን መጠየቁ ነውር አልነበረም።

ኩፐር ግን ተቆጣ። የበታች አደረጋችሁኝ ብሎ ተቃወመ። ክብሩ ተነካ። መንግሥትም አንቱ ከተባለ ሰው ጋር መጣላቱን አልፈለገምና ወደ ኋላ አለ። ከዚያ በኋላ በተግባር የመጨረሻው ቃል የኩፐር ብቻ ሆነ።

እዚህ ላይ ኩፐርን ትዕቢተኛ ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ግን ነገሩ ከአንድ ሰው ጠባይ ይሰፋል። ተቋራጩ ፊኒክስ “ኩፐር አጽድቆታል” ብሎ ተኛ። ኩፐር “የፊኒክስ ንድፍ ሠሪዎች የበቁ ናቸው” ብሎ ተኛ። ኩባንያውና መንግሥት “ኩፐር አለ” ብለው ተኙ። እያንዳንዱ ሌላው አይቶታል ብሎ አመነ። አራት ፊርማ ያለበት ወረቀት አራት ጊዜ የተመረመረ ይመስላል፤ ሦስቱ የፈረሙት የመጀመሪያውን ፊርማ አይተው ከሆነ ግን የተመረመረው አንድ ጊዜ ነው። የመጀመሪያውም ካልመረመረ፣ አንድም ጊዜ አልተመረመረም።

የሥራ ቦታውን አደረጃጀት እንይ። ኩፐር ዕውቀቱም ሥልጣኑም ነበረው፤ ነገር ግን ጤናውን ምክንያት አድርጎ ከኒው ዮርክ አይወጣም ነበር። የድልድዩ ብረት መቆም ከጀመረ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ቦታው ላይ አልተገኘም። ኤድዋርድ ሆር የሚባለው የኩባንያው ዋና መሐንዲስ ቦታው ላይ ነበር፤ ሥልጣንም ነበረው። ግን ከ90 ሜትር የሚበልጥ ድልድይ ሠርቶ አያውቅም። ኖርማን ማክሉር የሚባለው ወጣት መሐንዲስ ደግሞ የኩፐር ዓይን ሆኖ በየቀኑ ይለካል፣ ይጽፋል። ዓይኑ ጥሩ ነው፤ ሥልጣን ግን የለውም።

ማለትም የሚያውቀው አያይም፣ የሚያየው አያዝም፣ የሚያዘው አያውቅም።

📌 ሁለት ኢንች ከሩብ

በ1907 ክረምት ምልክቶቹ አንድ በአንድ መታየት ጀመሩ። የድልድዩን ክብደት ወደ ምሰሶው የሚያወርዱት የታችኞቹ ዋና ተሸካሚ ብረቶች ነበሩ። እያንዳንዳቸው ጎን ለጎን ከቆሙ አራት ወፋፍራም የብረት ግድግዳዎች የተሠሩ ሲሆኑ፣ ግድግዳዎቹን እርስ በርስ የሚይዟቸው ቀጫጭን ማያያዣ ብረቶች ናቸው። በጁን ወር የአንዳንዶቹ ጫፍ ለጫፍ አልገጥም አለ፤ ለችንካር የተበሱት ቀዳዳዎች ፊት ለፊት አልተገናኙም። ማክሉር ጻፈ። ኩፐር ትልቅ ነገር አይደለም አለ።

በኦገስት መጀመሪያ ሁለት ተሸካሚ ብረቶች ጎብጠው ተገኙ። ከፊኒክስ የመጣው መልስ፦ ከፋብሪካ ሲወጡም እንዲሁ ነበሩ የሚል ነበር። ኩፐር አላመነም፤ እንዴት ጎበጡ ብሎ ጠየቀ። የደብዳቤ ልውውጥ ተጀመረ። ደብዳቤው ሲመላለስ ሥራው አልቆመም። በየቀኑ አዲስ ብረት ይጨመራል፤ ክንዱ ወደ ወንዙ መሃል ይረዝማል፤ ክብደቱ ይጨምራል።

ኦገስት 27 ማክሉር “ኤ 9 ኤል” የተባለውን ተሸካሚ ለካ። ከሳምንት በፊት ጉብጠቱ ሦስት አራተኛ ኢንች፣ ማለትም 19 ሚሊ ሜትር ነበር። አሁን ሁለት ኢንች ከሩብ፣ ማለትም 57 ሚሊ ሜትር ሆኗል። አንድ ብረት በሰባት ቀን ሦስት እጥፍ ጎበጠ።

ከዚህ በላይ የሚናገር መረጃ የለም። ሆኖም ቦታው ላይ ክርክር ተነሳ። አንዱ ወገን ብረቱ ድሮም ጎባጣ ነበር አለ። ማስረጃ የሚመስል ነገርም ነበረው፤ ያ ብረት ከሁለት ዓመት በፊት በማከማቻ ግቢ ወድቆ ተጠግኗል። የለኩት ሰዎች ግን ከተገጠመ በኋላ ነው የጎበጠው ብለው ተከራከሩ። የተቋራጩ ዋና ካቦ በመጀመሪያ ሥራ አቆማለሁ ብሎ ነበር። በማግስቱ ሐሳቡን ቀይሮ ቀጠለ። ዋናው መሐንዲስ ሆርም መቀጠሉን ደገፈ። ኋላ እንደገለጸው፣ ሥራ ቢቆም ሠራተኛው ይደናገጣል፣ ይበተናል፣ የዓመቱ የሥራ ወቅትም ይባክናል የሚል ስጋት ነበረው።

ይህን ምክንያት ማንም ሥራ አስኪያጅ ያውቀዋል። ቀነ ገደብ አለ፤ ሠራተኛ ከተበተነ መመለሱ ጣጣ ነው፤ ማቆም ደግሞ “ስህተት ሠርተናል” ብሎ በአደባባይ እንደመናገር ይቆጠራል። መቀጠል ምንም አያስፈራም፤ ምክንያቱም እስካሁን ሲቀጥል ምንም አልሆነም። ድልድዩ ትናንት ቆሞ ነበር፣ ዛሬም ቆሟል።

መፍትሔ ተብሎ የተወሰደው፣ ማክሉር በባቡር ኒው ዮርክ ሄዶ ለኩፐር በቃል እንዲያስረዳ ነው።

📌 ያልደረሰው መልእክት

ማክሉር ኦገስት 29 ረፋድ ላይ ኒው ዮርክ ደረሰ። ኩፐር እንደሰማ አደጋው ገባው። 6 ሰዓት ከሩብ ላይ ያንን የቴሌግራፍ መልእክት ላከ፦ ነገሩ በሚገባ እስኪታይ ድልድዩ ላይ ተጨማሪ ክብደት እንዳይጫን።

ግን የላከው ወደ ኩቤክ አልነበረም። ፔንሲልቬንያ ወደሚገኘው የፊኒክስ ዋና መሥሪያ ቤት ነበር። እነሱ ቢያዙ ሥራው ፈጥኖ ይቆማል ብሎ አሰበ። ኩፐር ሥራው በዚያች ሰዓት እየቀጠለ መሆኑን እንኳ በውል አያውቅም ነበር። ከኒው ዮርክ በቀጥታ ወደ ድልድዩ የሄደ መልእክት አልነበረም።

መልእክቱ 9 ሰዓት ገደማ ላይ ፊኒክስ ደረሰ። የኩባንያው ዋና መሐንዲስ ጆን ዲንስ አነበበው። ወደ ኩቤክ ግን ሥራ አቁሙ የሚል ትእዛዝ አልተላለፈም። 11 ሰዓት ከሩብ አካባቢ ማክሉር ራሱ ፊኒክስ ደረሰና ስብሰባ ተቀመጡ። ተወያዩ። ጠዋት ከኩቤክ ደብዳቤ ስለሚመጣ እሱን አይተን እንወስን ተባባሉ።

ስብሰባው ገና ሲበተን ድልድዩ ወደቀ። ሥራው እንዲቀጥል ያደረገው ካቦም አብሮ ሞተ። ውሳኔው የተሳሳተ ቢሆንም ከሠራተኞቹ ርቆ አልወሰነም፤ እዚያው ድልድዩ ላይ ነበር።

📌 መርማሪዎቹ ምን አገኙ?

የካናዳ መንግሥት ሦስት መሐንዲሶች ያሉበት መርማሪ ኮሚሽን አቋቋመ። በ1908 የወጣው ሪፖርት የአደጋውን መነሻ በግልጽ አስቀመጠ፦ ከዋናው ምሰሶ አጠገብ ያሉት የታችኞቹ ተሸካሚ ብረቶች ንድፋቸው ጉድለት ነበረበት፤ ማያያዣዎቹ ደካማ ነበሩ። ንድፉን የሠራው የፊኒክስ መሐንዲስ ፒተር ዝላፕካ ነው፤ ያጸደቀው ኩፐር ነው። ኮሚሽኑ ሁለቱንም በቸልተኝነት ወይም ገንዘብ ለመቆጠብ በመፈለግ አልከሰሳቸውም። የፍርድ ስህተት ነው አለ።

ሌላም ከበድ ያለ ነገር ተናገረ። ከኦገስት 27 በኋላ ማንም ምንም ቢያደርግ ድልድዩን ማዳን አይቻልም ነበር፤ የሰዎቹን ሕይወት ግን ማዳን ይቻል ነበር።

እነዚህ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ሁለት የተለያዩ ውድቀቶችን ያሳያሉ። ብረቱን የጣለው የዕቅድ ጉድለት ነው፤ ያ ጉዳይ ከዓመታት በፊት ተበላሽቶ አልቋል። 75ቱን ሰዎች የገደለው ግን የአሠራር ጉድለት ነው፤ እሱ እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ድረስ ሊታረም ይችል ነበር። የሚወድቅ ድልድይ ላይ ሰው እንዳይኖር ለማድረግ አዲስ ስሌት አያስፈልግም ነበር። የሚያስፈልገው “ውረዱ” የሚል አንድ ቃል ነበር።

📌 ሁለተኛው ድልድይ

መንግሥት ሥራውን ከኩባንያው ተረከበ። በዚህ ጊዜ በአንድ ሰው ፈንታ የመሐንዲሶች ቦርድ ተሰየመ። ዋና ዋናዎቹ ብረቶች በአነስተኛ መጠን ተሠርተው እስኪሰበሩ ተፈተኑ። የተሸካሚዎቹ ውፍረት ከእጥፍ በላይ ሆነ።

ያም ሆኖ ሴፕቴምበር 11 ቀን 1916 ሌላ መከራ መጣ። 5,000 ቶን ገደማ የሚመዝነው የመሃለኛው ክፍል በውሃ ላይ ተንሳፍፎ መጥቶ ወደ ላይ በመሳብ ላይ ሳለ፣ በማንሻው ሥር የነበረ አንድ የብረት ክፍል ተሰበረ። ግዙፉ አካል ወንዙ ውስጥ ሰጠመ፤ 13 ሰዎች ሞቱ። ዋናው ድልድይ ግን ንቅንቅ አላለም። የተሰበረው ክፍል ተለይቶ ታወቀ፣ ተቀየረ። በቀጣዩ ዓመት አዲሱ የመሃል ክፍል በሰላም ተሰቀለ፤ በዚያው በ1917 ባቡር ተሻገረበት። በ1919 የእንግሊዝ አልጋ ወራሽ በይፋ መረቀው። ቴዎዶር ኩፐር በዚያው ዓመት አረፈ።

ድልድዩ ዛሬም ቆሟል። በዓይነቱ ከሚሠሩት ድልድዮች መካከል እስከ ዛሬ በምሰሶዎች መካከል ባለው ርቀት የሚበልጠው የለም። በካናዋኬ የመቃብር ስፍራ ደግሞ ከብረት ተሸካሚዎች የተሠሩ መስቀሎች ቆመዋል።

📌 ከድልድዩ የተረፈው

ከ1925 ጀምሮ የካናዳ መሐንዲሶች ትምህርታቸውን ሲጨርሱ ቃለ መሐላ ገብተው በሚጽፉበት እጅ ትንሿ ጣት ላይ የብረት ቀለበት ያደርጋሉ። ቀለበቱ ከወደቀው ድልድይ ብረት የተሠራ ነው የሚል ወሬ አለ፤ እውነት አይደለም። ወሬው ግን የማይሞተው ያለ ምክንያት አይደለም። ሥዕል በሚሠሩበት ጊዜ ቀለበቱ ወረቀቱን ይነካል፤ አንድ ነገር ያስታውሳል።

በዓለም ላይ ስለ ጥራት ቁጥጥር ብዙ መመሪያ ተጽፏል፤ ቅጹ ብዙ ነው፣ ማኅተሙም ብዙ ነው። የኩቤክ ፕሮጀክትም ቅጽ ነበረው፤ ተቆጣጣሪ ነበረው፤ ሪፖርት በየጊዜው ይጻፍ ነበር። የጎደሉት አራት ነገሮች ነበሩ፤ ሕንፃ ለሚሠራም፣ ሶፍትዌር ለሚሠራም፣ መድኃኒት ለሚያመርትም ያው ናቸው።

አንደኛ፣ ዕቅድ ሲቀየር ከለውጡ ጋር አብሮ መቀየር ያለበትን የሚያሰላ ሰው። “ትንሽ ነው የጨመርነው” የሚባል ነገር ሁሉ ስሌት አለው።

ሁለተኛ፣ ሥራውን ከሠራው ሰው ውጭ የሆነ መርማሪ። ምርመራ ስድብ አይደለም። ዐዋቂ ሰው ይበልጥ ያስፈልገዋል፤ ምክንያቱም ሌላው ሁሉ እሱን አምኖ ተኝቷል።

ሦስተኛ፣ ጉድለቱን በዓይኑ የሚያየው ሰው ሥራ የማስቆም ሥልጣን። ጃፓናዊው ቶዮታ ከዓመታት በኋላ ይህን ወደ ገመድ ቀየረው፤ በማምረቻው መስመር ላይ ያለ ማንኛውም ሠራተኛ ጉድለት ሲያይ ገመዱን ይስባል፤ ችግሩ ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። ኒው ዮርክ ድረስ ባቡር መሳፈር የለበትም።

አራተኛ፣ መልእክቱ የሚሄድበት መንገድ። ከላኪው አለቃ ወደ ሌላ አለቃ፣ ከዚያ ወደ ስብሰባ፣ ከዚያ ወደ ነገ ጠዋት የሚሄድ ማስጠንቀቂያ ባይላክም ያው ነው።

እነዚህን አራቱን ለማሟላት ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ጊዜም ይፈልጋል። ከሁሉም በላይ ግን አለቃ የሆነ ሰው ክብሩን ዝቅ ማድረግ ይኖርበታል። “ይህ ወጣት ያቆመው፣ እኔ ሳልጠየቅ” የሚለውን መቀበል ይጠይቃል። ቴዎዶር ኩፐር ያቃተው ይህ ነበር። ስሌት አላቃተውም።

ማክሉር ጉብጠቱን በትክክል ለክቶ ነበር፤ ሁለት ኢንች ከሩብ። ያን ቁጥር በእጁ ይዞ ኒው ዮርክ ሲደርስ፣ ሠራተኞቹ ድልድዩ ላይ ሥራቸውን እየሠሩ ነበር።